ቀሪቦው የከረረ ዕለት

ሆዱ የተነፋ ጀሪካን ሳይ እስከ ዛሬ ወደ ኋላ እላለሁ። ባለፈው ሰሞን እዚህ ደሴ፣ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ባዶ ጀሪካን በሙቀቱ አብጦ «ቋ» ሲል ሰምቼ፣ የያዝኩትን ቲማቲም በትኜ ግድግዳ ተጠግቼ ቆምኩ። ባለሱቁ «ምነው እትዬ፣ እባብ አዩ እንዴ?» አለኝ። እባብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ብዬ ብነግረው አይገባውም። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ የኔ ፍርሃት ግን ከእናቴ የተወረሰ ነው። የወረስኩበትንም ጠዋት አልረሳውም።

ያኔ የምንኖረው መካነ ሰላም ነበር። አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ወሩ ጥር ነው፤ የአገራችንን ጥር ያየ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል፤ ትምህርት ቤት ስንሄድ ከአፋችን የሚወጣውን እንፋሎት «ሲጋራ አጨስኩ» እያልን እንጫወትበታለን፤ ለቅልሞሽ ያነሣነው ጠጠር ጣት ያደነዝዛል። በዚያ ጥር ትልቁ ወንድሜ ደምሰው ሊያገባ ነበርና ቤታችን ገና ሠርጉ ሳይደርስ ሌላ ቤት ሆነ። ጓዳው በሽንኩርትና በበርበሬ፣ ደጁ አዲስ በተቆረጠ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ዳስ የሚጥሉት ወንዶች ሲጯጯሁ፣ ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ሲሳሳቁ፣ እኛ ልጆች በመሃል ስንራወጥ የማንም ድምፅ ለብቻው አይሰማም ነበር።

ከአጥራችን ወዲያ የሼህ ይማም ቤት ነው። ሼህ ይማም ቁርአን ያቀራሉ፤ ከየገጠሩ የመጡ ደረሶቻቸው ማለዳ በአንድ ድምፅ ሲቀሩ እኔ የምነቃው በእነሱ ድምፅ ነው። ባለቤታቸው ዘይነባ ደግሞ የጡት እናቴ ናት። እኔ ስወለድ እናቴ ታማ ጡቷ ደርቆ ነበርና፣ ያኔ አራስ የነበረችው ዘይነባ ከልጇ ጋር እያቀያየረች አጠባችኝ። እማ ዘይነባ እላታለሁ። ስለዚህ ሁለት ቤት ነበረኝ። እዚህ ሲቆጡኝ እዚያ እሄዳለሁ፣ እዚያ ሲቆጡኝ እዚህ እመጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ከሁለቱም ቤት ራት በልቼ እተኛለሁ። አባቴ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲል እኔን እያየ ይስቅ ነበር።

በኛ አገር ሠርግ ሲደገስ ዳሱ ሁለት ነው፤ አንዱ የክርስቲያኑ፣ አንዱ የሙስሊሙ። ለሙስሊም እንግዶች ከብቱን የሚያርደው የራሳቸው ሰው ነው፤ ድስቱም ቢላዋውም ትሪውም ከእነሱ ቤት ይመጣል። እኛ ጠላ ስንጠጣ እነሱ ቀሪቦ ይጠጣሉ። ቀሪቦን የኔ ዕድሜ ወሎዬ ሁሉ ያውቀዋል። ለማያውቀው ግን፣ ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ይፈላል፤ ተጣርቶ ሲቀዘቅዝ ስኳርና እርሾ ይገባበትና ጀሪካን ውስጥ ይታሸጋል። የተቆላው ገብስ ሽታ ሰውን ከመንገድ ይመልሳል። በደንብ የተያዘ ቀሪቦ ክዳኑ ሲከፈት «ፍስስ» ይላል፣ አረፋው አፍንጫ ይኮረኩራል፣ ይጣፍጣል፣ አያሰክርም። ጣጣው ያለው ታዲያ «በደንብ የተያዘ» የሚለው ላይ ነው።

እማ ዘይነባ ስትጠምቅ ከጎኗ አልጠፋም ነበርና ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ቀሪቦ ይንቃ እንጂ አይክረር» ትላለች። መንቃት ማለት አረፋ መያዙ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ መኮርኮሩ ነው። መክረር ማለት ደግሞ እርሾው ስኳሩን በልቶ ጨርሶ መጠጡ ኃይለኛ መሆኑ፣ ማስከሩ ነው። የነቃው ሐላል፣ የከረረው ሐራም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሙቀት ነው። ብርድ ላይ ከተቀመጠ እንደተኛ ይቀራል፣ ሙቀት ላይ ከቆየ ይከራል። ስለዚህ ሙቅ ቤት ያድርና ጠዋት ጀሪካኑን በመዳፏ ጫን አድርጋ ታየዋለች። ጠንከር ካለ ነቅቷል ማለት ነው፤ ወዲያው አውጥታ ከቤቱ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ፣ ውርጩ ላይ ትደረድረዋለች። ብርዱ ከነቃበት ፈቀቅ እንዳይል ይይዘዋል። የአገራችን ብርድ ለአንድ ነገር እንደሚጠቅም የገባኝ ያኔ ነው።

ለደምሰው ሠርግ ግን እማ ዘይነባ አልነበረችም። ከላላ ወረዳ የተዳረች ልጇ መውለጃዋ ደርሶ በበቅሎ መጥተው ወሰዷት። ስትሄድ የቆላችውን ገብስና ጠላ ነክቷቸው የማያውቁ ቢጫ ጀሪካኖቿን ለእናቴ አስረክባ፣ ሕጉንም ደጋግማ ነገረቻት። እናቴም «አብሽሪ፣ እኔ የጠመቅሁት መቼ ተበላሽቶ ያውቃል» ብላ ሸኘቻት። እውነቷን ነው፤ እናቴ በጠላ የተመሰከረላት ሴት ነበረች። ችግሩም እሱ ሆነ። የእናቴ እጅ የጠላ እጅ ነው። ጠላ በኛ ብርድ አልነሣ ሲል ጋኑን ወደ ምድጃ አስጠግቶ፣ ጋቢ አልብሶ፣ መርሳት ነው። ቀሪቦ ግን የሚረሳ ነገር አይደለም።

ቀሪቦው በታሸገ ማግሥት ውርጩ በርትቶ አደረ። እናቴ ጠዋት ጀሪካኖቹን ስትጫናቸው ልፍስፍስ አሉባት። ቀሪቦው ተኝቷል። ሼሆችን ጋብዞ የሞተ የገብስ ውሃ ማቅረብ ለእሷ ውርደት ነው፤ «ዘይነባ ብትኖር ኖሮ» የሚለውን ሐሜት ገና ሳይወራ ሰማችው። ስለዚህ የምታውቀውን አደረገች። ስኳር ጨመረችባቸው፣ ክዳናቸውን አጥብቃ ዘጋች፣ ከምድጃው ጥግ ደርድራ የአባቴን ወፍራም ጋቢ አለበሰቻቸው። በዚያ ቀን ምድጃው አልጠፋም፣ የሠርጉ ወጥ ይሠራበታል። ሰዉ ይገባል፣ ይወጣል፤ እናቴ በሥራው ተወጥራ ጋቢው ሥር ያለውን ረሳችው። አመሻሽ ላይ ቆሎ ስቆረጥም ከጋቢው ሥር ቀጭን ፉጨት የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ለአክስቴ ለየሺ ብነግራት «አይጥ ናት፣ እሷም ለሠርግ መጥታ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን ለምን እንደዚያ እንደፈራሁ እንዲገባችሁ ስለ ሌሎች ሁለት ቤቶች ልንገራችሁ። ከትምህርት ቤታችን መንገድ ላይ የተኳረፉ ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የሙስሊም፣ ድሮ እንደኛ በአጥር ላይ እሳት የሚጫጫሩ። በአንድ ድግስ ላይ ቢላዋ ተሳስቶ፣ ለሙስሊሞቹ የቀረበው ሥጋ በማን እጅ እንደታረደ ሳይለይ ቀረ ይባላል። ሆን ብለህ ነው፣ አይደለም፣ ሲባባሉ ነገሩ ከረረ። በመሃላቸው የእሾህ አጥር ቆሞ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም። ሰው ስለነሱ ሲጠየቅ ራሱን እየነቀነቀ «ኧረ የነሱስ ከሯል» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። እኔ በዚያ አጥር ሥር በእርምጃ አልፌ አላውቅም፤ ሁሌ እሮጣለሁ። ሌሎቹ ልጆች ጅብ ሲፈሩ እኔ የምፈራው አንድ ቀን በኛና በእማ ዘይነባ ቤት መካከል እንደዚያ ያለ እሾህ ይቆማል ብዬ ነበር። ግማሹ ቤቴ ወዲያ ማዶ ይቀራላ።

የሠርጉ ዕለት ማለዳ እናቴ ከጋቢው ሥር ትንሹን ጀሪካን ጎትታ አውጥታ በነጠላ ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ። የፊተኛው መጠጥ የሚሄደው ለሼህ ይማም ነው። እሳቸው ቀምሰው ዱዓ ሳያደርጉበት ዳሱ ውስጥ አይቀዳም፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር። ጀሪካኑ ይሞቃል። ሆዱ ተወጥሮ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ስራመድ ጀርባዬ ላይ «ሲሲሲ» ይላል፣ ያዘልኩት ነገር በሕይወት ያለ እስኪመስለኝ። ቀሪቦ ከውርጭ እንጂ ከእሳት አጠገብ ሲመጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ሼህ ይማም ልጆቹን እያቀሩ ስለነበር በእጃቸው ምልክት ሰጡኝና ጀሪካኑን ለአንድ ደረሳ አስረክቤ በሩጫ ተመለስኩ።

ገና የግቢያችንን በር ሳልፍ «ጧ!» አለ። ደጅ ያሉት ሴቶች የሠርግ ተኩስ የተጀመረ መስሏቸው እልልታቸውን አቀለጡት። እኔ ግን ድምፁ ከጓዳ እንደመጣ ሰምቻለሁ። ስገባ የአንዱ ጀሪካን ክዳን ጣራውን መትቶ ወድቋል፣ ግድግዳው ላይ አረፋ ይወርዳል፣ እናቴ አረፋው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ ቆማለች። ሽታው ገብስ ገብስ አይልም። እኔ የማውቀው ሽታ ነው፤ ከጠላ ጋን አፍ ላይ የሚነሣው ሽታ።

አክስቴ የሺ ከግድግዳው በጣቷ ጠርጋ ቀመሰች። «እኔ እንጃ፣ ይጣፍጣል» አለች። እናቴ ቀመሰች፣ አልለየላትም። አባቴን ጠሩት። አባቴ ደግሞ አረቄ በመለኪያ ሲደጋግም ፊቱ የማይለወጥ ሰው ነው፤ አንድ ጣሳ ሙሉ ጠጥቶ አፉን ጠረገና «ውሃ ነው» አለ። ለአባቴ ከአረቄ በታች ያለው ሁሉ ውሃ ነው። ያኔ ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ከልጅነቱ ጠላ እየጠጣ ያደገ ምላስ ቀሪቦ ይክረር አይክረር መለየት አይችልም። መለየት የሚችለው ምላስ ደግሞ ከከረረ መቅመስ የለበትም። የምታውቀው እማ ዘይነባ ከላላ ናት። በመጨረሻ የሺ ጀሪካኑን አፍንጫዋ ሥር አቅርባ ብዙ ጊዜ አሸተተችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እናቴን «ጥሩዬ፣ ይሄ ከሯል» አለቻት።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ስለ ሁለቱ ቤቶች ሲወራ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ቀጥሎ ምንም የማይባልበት። እናቴ ወደኔ ዞራ «ሙሉ፣ አድርሰሻል?» አለች። አድርሻለሁ አልኩ። እናቴን ስትቆጣ አውቃታለሁ፣ ስታለቅስም አይቻታለሁ፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። የጡት እናቴን ባል፣ ሙሉ የደረሳ ቤት የሚመሩትን ሰው፣ በገዛ እጇ ሐራም ልታጠጣ ነው፤ ምናልባትም አጠጥታለች። ትልቅ ሰው ቢላክ ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምን ሆነ ይላል። ስለዚህ የምላከው እኔው ነኝ። «ሩጪ የኔ ልጅ፣ አፈር ስሆን፣ ሳይጠጡ ድረሺ» አለችኝ። አባቴ በሩን ከፈተልኝ።

መንገዱ የአጥር ዙሪያ ነው፤ ያን ያህል የሚረዝም አይመስለኝም ነበር። ግማሽ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ጎደለብኝና ቆምኩ። የደረሶቹ ድምፅ የለም። ስመላለስ ሲቀሩ ነበር፤ አሁን ጸጥ ብሏል። ልጅ ነኝና ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ጠጥተውታል፤ ሰክረው ወድቀዋል፤ ሼህ ይማምም ከመሃላቸው ተዘርረዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አየሁት። እሾህ የሚቆርጡትን ሰዎች፣ እማ ዘይነባ ከከላላ ስትመለስ ከወዲያ ማዶ ሆና እኔን እንዳላየች ስታልፍ። ወትሮም «እንኳን እናቴ ሞታ እንዲሁም አልቅስ አልቅስ ይለኛል» እንደሚባለው ዓይነት ልጅ ነኝ፤ የቀረውን መንገድ እያለቀስኩ ሮጥኩት።

አልወደቁም። ትምህርቱን አቋርጠው ለመጠጥ ተቀምጠዋል። ጣሳዎቹ ምንጣፉ ላይ በተርታ ተደርድረዋል፣ ተቀድቷል፣ አረፋው ገና አልሞተም። ሼህ ይማም ጣሳቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ከንፈራቸው ቢስሚላህ ሊል ተከፍቷል። ከጥግ ደግሞ ሰይድ የሚባለው ትንሹ ደረሳ፣ ቸኩሎ ኖሯል፣ ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ነጭ አረፋ አለ። ልናገር የመጣሁት ብዙ ነበር። እናቴ ይቅርታ ጠይቃለች ልል፣ ባለማወቅ ነው ልል። ከአፌ የወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ከሯል» አልኳቸው። «አባባ ሼህ፣ እኛ ቤት... ከሯል።»

ሼህ ይማም ጣሳውን ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። «በሠርግ ማለዳ?» አሉ። «ያ ረቢ። ከማን ጋር?» እኔ ይብሱን አለቀስኩ። እሳቸውም ልቅሶዬን እንደ መልስ ቆጠሩት። የሰው ቤት በጠብ እየነደደ ቁጭ ብሎ መጠጥ አይጠጣም ብለው ለደረሶቹ ሁሉ ጣሳቸውን እንዲያስቀምጡ አዘዙ። ዘንጋቸውን አንሥተው፣ ኩታቸውን እንኳ ሳይደርቡ ወጡ። አስታራቂ ሰው ናቸው፤ በመካነ ሰላም ዙሪያ የተጣላ ሁሉ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ያውቃል። ደረሶቹ ከኋላ ተከተሏቸው። እኔ ሰይድን እያየሁ ከጎኑ እሄዳለሁ፣ አሁን ይወድቃል፣ አሁን ይወድቃል እያልኩ። ሰይድ ግን ድንጋይ በእግሩ እየመታ ነበር የሚሄደው።

አሁን ከኛ ቤት በኩል ሆናችሁ እዩት። ዳሱ በሰው ተሞልቷል። በበሩ ሼህ ይማም ፊታቸው ጠቁሮ፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ከነደረሶቻቸው ይገባሉ። እኔ እያለቀስኩ ከኋላ አለሁ። ነገሩን የሚያውቁት አባቴ፣ እናቴና የሺ የጠጡት መስሏቸው ክው አሉ። የማያውቁት ደግሞ ፊታቸውን ወደ ሼሁ አዞሩ፣ ከበሮ የሚመታውም እጁን ከከበሮው አነሣ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ለሠርጉ ተኩስ ያመጣውን ጠመንጃ ከተሰቀለበት ሲያወርድ አየሁ። አባቴ በዓይኑ ብቻ መልሶ አሰቀለው። ያን የዓይን ንግግር ብዙ ሰው አላየውም፤ እኔ ስላየሁት ነው እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ ጠመንጃ የምጠላው።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ከሼህ ይማም እግር ላይ ወደቀች። «ባለማወቅ ነው ሼህ፣ ዘይነባ ትሙት ባለማወቅ ነው» ትላለች። እሳቸው ጎንበስ ብለው ሊያነሷት ይታገላሉ። «ተነሺ ጥሩነሽ፣ ተነሺ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። መጀመሪያ የተጣላው ማን ነው፣ ከማን ጋር ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ተያየ። አባቴ «ማንም አልተጣላም» አለ። «ልጅቱ ከሯል ብላኛለች» አሉ ሼሁ። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ሲያሻሽ ቆየና፣ «የከረረውስ ቀሪቦው ነው» አለ።

ሼህ ይማም መልሰው «ቀሪቦው?» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ፤ አፍንጫዬ እየፈሰሰ ቆሜያለሁ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ከዳሱ ምሰሶ ሥር ካለው ግንድ ላይ ቁጭ ብለው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እየሳቁ ነው። ደረሶቹ ሼሁ ሲስቁ አይተው አያውቁም መሰለኝ ተደናግጠው ነበር። «እኔ ደግሞ ስንት ደም ፈሰሰ ብዬ ላስታርቅ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። አልጠጡትም ነበር። ለጠብ ብለው ያስቀመጡት ጣሳ እንደተቀዳ ምንጣፉ ላይ አለ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። አሁንም እጇ ይንቀጠቀጣል። ሰይድ መቅመሱን ሹክ አልኳት፣ እሷም ነገረቻቸው። «ሳያውቅ የቀመሰ ልጅ ምን አለበት፣ አፉን ይጉመጥመጥ» አሉ። ደግሞስ ሳይከር ብንደፋው ስኳሩ ሁሉ ባክኖ፣ እንግዳው ሁሉ ደርቆ ሊውል ነው አለቻቸው። ያኔ ሼህ ይማም የተናገሩት ነው ከዚያ ቀን ሁሉ የቀረኝ። «መክረሩን አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም» አሏት። «ተጠራጥረሻል። ስለኛ እንዲህ ተንቀጥቅጠሻል። ይሄ ይበቃናል፣ ድፊው።»

እናቴ በራሷ እጅ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ከግቢው ጥግ ደፋቻቸው። የተቆላው ገብስ ዝቃጭ ከመሬቱ ላይ ሲቀር የግቢው ዶሮዎች ተሰበሰቡ። እኩለ ቀን ሳይሞላ አውራው ዶሮ በጎን በጎኑ ይሄድ ጀመር፤ አንዲቱ ቄብ ደግሞ ተንደርድራ አጥሩን ልትዘል ስትል ተደፋች። የሺ ሆዷን ይዛ «በሉ ዶሮዎቹ ፈርደዋል» አለች። ያኔ ነው እናቴ ቁጭ ብላ የሳቀችው፣ ሳቋም ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ። ሼህ ይማም ከቤታቸው አንድ ቅል ማር አስመጥተው ብርዝ ተበጠበጠ። ለሁሉ ስለማይበቃ ቀጠነ፣ መጨረሻ ላይ ማሩ በስም ብቻ ነበር። በሙስሊሞቹ ዳስ ያን ቀን የተጠጣው ከማር ይልቅ ውሃ ነው። የፊተኛውን ጣሳ አንሥተው ዱዓ ያደረጉት ሼህ ይማም ናቸው፣ ከሁሉ ደግሞ ጮክ ብሎ አሚን ያለው የኛ ዳስ ነበር።

እማ ዘይነባ ከከላላ ስትመለስ ወሬው ከመንገድ ተቀብሏት ኖሮ፣ ገና ከበቅሎ ሳትወርድ እናቴን «የጠላ እጅሽን ታጠቢ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ቤት ቀልድ ይሄ ሆነ። ወጥ ሲቀጥን፣ ሻይ ሲጠቁር፣ ልጅ ሲያኮርፍ «ከሯል» ይባባላሉ። እኔን ግን ሳያስቀኝ ዓመት አለፈ። በተኳረፉት ሁለት ቤቶች እሾህ ሥር ስሮጥም ኖርኩ፤ የኛ እንዳይከር ያደረገው ምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እነዚያ ሲካሰሱ አንዱ ለሌላው የፈራ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያስበው ስለ ራሱ ክብር ነበር። እናቴ ግን ከራሷ ይልቅ ለሌላው ሰው ሃይማኖት እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ያን የተንቀጠቀጠ እጅ ያየ ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ ይጣላል።

አሁን ሁሉም ነገር ቀሎናል። ባለፈው ዓመት ልጄ ስትመረቅ ደሴ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ድግስ ቢጤ አድርጌ ነበር። ምግቡን ለሁለቱም ወገን በየፈርጁ ከምግብ ቤት አስመጣሁ። መጠጡ ለስላሳና የታሸገ ውሃ ነው፣ ሁሉም ሰው ሐላል ነው አይደለም ሳይል የሚጠጣው። የተቆላ ገብስ አልሸተተም፣ ጋቢ የለበሰ ጀሪካን አልነበረም፣ ለማን ምን ይቅረብ ብዬ አንዲት ሌሊት አልተጨነቅኩም። ከቤቴ በር ትይዩ የምትኖረው ሙስሊም ጎረቤቴም መጣች። ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ውሃ ራሷ አነሣች፣ ራሷ ከፈተችው፣ ጠጣች፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብላኝ ሄደች። ደግ ሴት ትመስለኛለች።

በሩን ስዘጋ ልቤ ረግቶ ነበር። ከእጄ የወጣ፣ ሊያስከፋት የሚችል፣ ሮጬ የምደርስበት ምንም ነገር አልነበረም። ዕቃውን ሳነሣሣ ነው ያ ሁሉ ፀጥታ ድንገት የከበደኝ። እናቴን አሰብኳት፣ አረፋው ከፀጉሯ እየወረደ «ሩጪ የኔ ልጅ» ስትለኝ፤ እንደዚያ የምፈራለት ሰው ደጃፌ ላይ እንዲኖረኝ ተመኘሁ። ወዲያው ተነሥቼ የጎረቤቴን በር ላንኳኳ ብል እንኳ ምን ብዬ እንደምጠራት አስቤ ቆምኩ። ትይዩ በር ስንኖር ዓመታት አልፈዋል፤ የሴትዮዋን ስም አላውቀውም።